ደጃፋችን ደረቅ ሆኖ የቴሌቪዥኑ ምስል ለምን ይጠፋል? (ድሬዳዋ)

ነዋሪ ከሳቢያን፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ጉዳዩን በሚገባ የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳኝ ስለምፈልግ፣ ያየሁትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ በዝርዝር እጽፋለሁ።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ በተከራየሁት ቤት ነው። በግቢያችን ሁለት ዲሾች አሉ። አንደኛው ጣራው ላይ ያለው የእኔ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ወደሚተላለፉበት ወደ ኢትዮሳት የዞረ ነው፤ ሁለተኛው ግድግዳው ላይ የተተከለውና ወደ ናይልሳት የዞረው ደግሞ የአከራዬ ነው። አከራዬ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው፤ ከመካ በቀጥታ የሚተላለፈውን ሶላት ሳይመለከቱ መዋል አይሆንላቸውም። ስለዚህ ምስሉ በጠፋ ቁጥር በሬን አንኳኩተው «ልጄ፣ ያንተስ ይሠራል?» ብለው ይጠይቁኛል። ሁለቱን ዲሾች ማነጻጸር የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ባለፈው ሳምንት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የእርሳቸው ምስል መሰነጣጠቅ ጀመረና ወዲያው ጠፋ። ወጥቼ ሰማዩን ስመለከት በላያችን ፀሐይ ነበረ፤ ልብስም ተሰጥቶ ነበር። የጠቆረው ዳመና በምዕራብ በኩል፣ ከእኛ ራቅ ብሎ ነበር። ከመልካ ጀብዱ የመጣ ባጃጅ ሸራው ውኃ እያንጠባጠበ ደጃችን ላይ ሲቆም ነው እዚያ በኩል እየዘነበ መሆኑን ያወቅሁት። በዚያን ጊዜ የእኔ ቴሌቪዥን ያለ አንዳች እንከን ይሠራ ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዝናቡ እኛ ጋ ደረሰና የሁለታችንም ጠፋ። ዶፉ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲያባራ የእርሳቸው ወዲያው ተመለሰ፤ የእኔ ግን ሰማዩ ጠርቶ፣ ቆርቆሮው ደርቆ እንኳ አልተመለሰም። የተመለሰው በማግስቱ ረፋድ፣ ፀሐዩ ጠንከር ካለ በኋላ ነው። ይህ ነገር ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሲደርስብኝ ሦስተኛ ጊዜው ነው።

የጠራሁት ሠራተኛ ምንም ሳይመረምር «ዲሹ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ በትልቅ ይቀየር» አለኝ። ከማውጣቴ በፊት ግን ሁለት ነገር መረዳት እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ በላያችን ሳይዘንብ የአከራዬ ምስል ለምን ጠፋ? ሁለተኛ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ የእኔ ምስል ለምን አልተመለሰም?


ከገንደ ቆሬ፦

እኔም ያው ችግር አለብኝ፤ ስለዚህ መልሱን አብሬ እጠብቃለሁ። የእኔ ግን በዝናብ ጊዜ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ሲበረታ፣ በተለይ ከቀትር በኋላ፣ ምስሉ ባለበት ቆሞ ይቀራል። ሙቀትስ ሞገዱን ያዳክማል? የምታውቁ ካላችሁ ይህንንም አያይዛችሁ ብትመልሱልን።


የፊዚክስ መምህር፣ ከዚራ፦

ጠያቂው ያስተዋሉት ነገር ትክክል ነው። እንግዳ የሚመስለን ዝናቡን ጣራችን ላይ ስለምንፈልገው ነው፤ ዲሹ ግን የሚያየው አንድን ቀጭን የሰማይ መንገድ ነው፤ ምስሉን የሚያጠፋውም በዚያ መንገድ ላይ ያለው ዝናብ ነው።

ሁለቱም ሳተላይቶች ያሉት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ሞገዱ ከዚህ ርቀት አብዛኛውን የሚያልፈው በባዶ ጠፈር ስለሆነ ምንም አይነካውም፤ ዝናብ የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ነው። በእኛ አካባቢ ዝናብ ፈሳሽ ሆኖ የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 5,000 ሜትር ገደማ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በአብዛኛው በረዶ ነው፤ ደረቅ በረዶ ደግሞ ለዚህ ሞገድ ብዙም እንቅፋት አይሆንም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ሞገዱ ሊያቋርጠው የሚችለው የዝናብ ንብርብር 3,800 ሜትር ገደማ ውፍረት አለው ማለት ነው።

ዋናው ልዩነት የሚመጣው ከአቅጣጫው ነው። ኢትዮሳት የሚጠቀምበት ኤን ኤስ ኤስ 12 የተባለው ሳተላይት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ ከድሬዳዋ ሲታይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ከአድማስ 69 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ወደ አናታችን የቀረበ ነው ማለት ይቻላል። ናይልሳት ግን በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የምናየው በምዕራብ በኩል፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ሆኖ፣ ከአድማስ 33 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ የጠያቂው ዲሽ በዝናቡ ንብርብር ውስጥ የሚያቋርጠው መንገድ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የአከራያቸው ዲሽ ግን 7 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህን በመሬት ላይ ብንለካው የኢትዮሳቱ መንገድ ከቤቱ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይርቅ ከዝናቡ በላይ ይወጣል፤ የናይልሳቱ ግን ከዝናቡ በላይ የሚወጣው ወደ ምዕራብ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄደ በኋላ ነው። ልብስ ተሰጥቶ፣ በላያችሁ ፀሐይ እያለ የእርሳቸው ምስል የጠፋው ዝናቡ በእርሳቸው መንገድ ላይ፣ በምዕራብ በኩል ስለነበረ ነው። የመልካ ጀብዱው ባጃጅም ይህንኑ ይመሰክራል።

ዝናብ ሞገዱን የሚያዳክመው ለምንድን ነው ለሚል፣ ነገሩ ከሞገዱ ርዝመት ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ ሁለት ሳተላይቶች ወደ ቤታችን የሚልኩት 11 ጊጋ ኸርትዝ አካባቢ በሆነ ድግግሞሽ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 2.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የዶፍ ጠብታ ደግሞ ብዙ ሚሊ ሜትር ስፋት ሊኖረው ስለሚችል ከሞገዱ ርዝመት ጋር የሚቀራረብ መጠን አለው፤ ስለዚህ ከፊሉን ኃይል ውኃው ይውጠዋል፣ ከፊሉን ደግሞ ጠብታው ወደየአቅጣጫው ይበትነዋል። ካፊያና ጉም ጠብታቸው እጅግ ጥቃቅን ስለሆነ ብዙም አይጎዱም። ባዶ ዳመናም እንዲሁ ነው፤ ሰው ምስሉ ሲጠፋ «ዳመናው ነው» የሚለው ዳመናውን ስለሚያይና በውስጡ የሚወርደውን ዝናብ ከሩቅ ስለማያይ ነው።

መጠኑን ለመገመት ያህል፣ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት የሚወርድ ዶፍ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 2 ዴሲቤል ያህል ይወስዳል። 3 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ኃይሉ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ዶፉ የኢትዮሳቱን 4 ኪሎ ሜትር ሙሉ ቢሸፍነው ወደ ዲሹ የሚደርሰው ኃይል ወደ ስድስተኛው እጅ ይወርዳል፤ የናይልሳቱን መንገድ ሙሉውን ቢሸፍነው ደግሞ ከሃያ እጅ አንዱ እንኳ ላይደርስ ይችላል። በዚህ ላይ ዝናቡ ራሱ ከጠፈሩ ይልቅ የሞቀ ስለሆነ የራሱን የሬዲዮ ጫጫታ ወደ ዲሹ ይልካል፤ ሞገዱ በደከመበት ሰዓት ጫጫታው ይጨምራል፤ ጉዳቱም እጥፍ ይሆናል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር የዛሬው ሥርጭት ዲጂታል መሆኑ ነው። በቀድሞው አሠራር ሞገዱ ሲደክም ምስሉ ቀስ በቀስ ይደበዝዝ ነበር፤ የሚታይ ነገር ግን አይታጣም። ዲጂታል ግን እስከ አንድ ወለል ድረስ ጥርት ብሎ ይሠራና ከወለሉ ዝቅ እንዳለ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ «ምስሉ ጥርት ያለ ነው» ማለት ሞገዱ ብርቱ ነው ማለት አይደለም፤ ወለሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ ዝናብ ሲነካው ወደቀ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን፣ ማለትም ዝናቡ ካባራ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አለመመለሱ፣ በሰማዩ ሊብራራ አይችልም። ዝናቡ ከመንገዱ ላይ ከተነሣ ምስሉ በደቂቃዎች ውስጥ መመለስ አለበት። ያ ችግር ጣራው ላይ ነው ያለው፤ የእጅ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቢመልስ ይሻላል።


የዲሽ ባለሙያ፣ ሸዋ በር፣ ሐረር፦

መምህር የሰጡትን ማብራሪያ አመሰግናለሁ፤ እኔም በሥራዬ የማየው ይኸው ነው። ሐረር ከፍታዋ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ የዝናቡ ንብርብር ትንሽ ይሳሳልናል፤ ቢሆንም ናይልሳት ከኢትዮሳት ቀድሞ የሚጠፋብን እኛም ጋ ነው።

ጠያቂውን የሚመለከተው ሁለተኛው ጉዳይ ግን የውኃ መግባት ነው። በእኔ ልምድ፣ ክረምት ላይ «ዝናብ ምስሉን አጠፋብኝ» ብለው ከሚጠሩኝ ሰዎች ብዙዎቹ ዘንድ የማገኘው ኤል ኤን ቢው ላይ (ከሳህኑ ፊት ለፊት ሆኖ ሞገዱን የሚቀበለው መሣሪያ ላይ) የሚታሰረው ኮኔክተር፣ ማለትም የኬብሉ ጫፍ ማያያዣ፣ ውስጥ የገባ ውኃ ነው። ምልክቱም እርስዎ የጻፉት ነው፤ ዝናቡ ያቆማል፣ ምስሉ አይመለስም፣ ፀሐይ ሲያደርቀው ራሱ ይመጣል። ሰውየው ችግሩ የተፈታ መስሎት ይተወዋል፤ ውስጡ ግን በየዝናቡ እየዛገ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ፀሐይ ብትወጣም የማይመለስበት ቀን ይመጣል።

የአከራይዎ ሳይጎዳ የእርስዎ የተጎዳበት ምክንያት ደግሞ ከሁለቱ ዲሾች አቀማመጥ ሊሆን ይችላል። ወጥተው ይመልከቷቸው። የናይልሳቱ ዲሽ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው ማለት ይቻላል፤ ኤል ኤን ቢው ከታች ሆኖ ወደ ላይ ወደ ሳህኑ ስለሚያይ ጀርባው ወደ መሬት ያዘነብላል፤ ኮኔክተሩም ከዝናብ ይጠለላል። የኢትዮሳቱ ዲሽ ግን ወደ ሰማይ የተንጋለለ ነው፤ ኤል ኤን ቢው ከሳህኑ ከፍ ብሎ ቁልቁል ስለሚያይ ጀርባው ወደ ላይ ይቀናል። ኮኔክተሩ ከኤል ኤን ቢው ኋላ በኩል የሚታሰር ዓይነት ከሆነ ዝናቡ በቀጥታ አናቱ ላይ ያርፋል፤ ኬብሉም ከላይ ወደ እርሱ የሚወርድ ከሆነ ውኃውን እየመራ ያስገባለታል። ብዙ ሠራተኞች ድሮ ናይልሳት ሲተክሉ የለመዱትን አስተሳሰር ሳይለውጡ ኢትዮሳት ላይ ስለሚጠቀሙ ይህ ስሕተት በየጣራው አለ፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ብዙ ቤት እንዲሁ አስሬ ነበር፤ በኋላ እየዞርኩ አስተካክያለሁ።

መደረግ ያለበት ይህ ነው። ደረቅ ቀን ይምረጡ፤ ሪሲቨሩን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ፤ መብረቅ ባለበት ሰዓት ጣራ ላይ ፈጽሞ አይውጡ። ኮኔክተሩን ፈትተው የኬብሉን ጫፍ ይመልከቱ። መዳቡ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ዙሪያውን የሚሸፍነው የሽቦ መረብ ከጠቆረ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። የሽቦው መረብ ውኃን እንደ ኩራዝ ክር ስቦ ወደ ውስጥ ስለሚያስኬድ ጫፉን ብቻ መጥረግ አይበቃም፤ ንጹሕና ደረቅ ሽቦ እስኪገኝ ድረስ በፒንሳ እየቆረጡ መሄድ ያስፈልጋል። ከዚያ አዲስ ኮኔክተር አስገብተው ካጠበቁ በኋላ ዙሪያውን በሲሊኮን ይድፈኑት። ናስትሮ ብቻ መጠቅለል ለጊዜው ቢረዳም በድሬዳዋ ፀሐይ ሙጫው ቀልጦ ይላቀቃል፤ ይባስ ብሎ ውኃውን ውስጥ ያፍነዋል። ፌስታል ማሰርም እንዲሁ ነው፤ ሌሊት ውስጡ ጤዛ ይይዛል። በመጨረሻም ኬብሉ ወደ ኮኔክተሩ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠልና ከታች ወደ ላይ እንዲገባ ያድርጉት፤ ውኃው በዝቅተኛው ቦታ ላይ ተንጠባጥቦ ይቀራል።

የኤል ኤን ቢውንም አፍ ይመርምሩ። ሳህኑን የሚያየው የፕላስቲክ ክዳን ከዓመታት ፀሐይ በኋላ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ቢሆን እንኳ ውኃ ያስገባል። ክዳኑ ከተሰነጠቀ ኤል ኤን ቢውን መቀየር ነው እንጂ መለጠፍ አያዋጣም።

ዲሹን በትልቅ ስለመቀየር፣ ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ግን የመጀመሪያው ሥራ አይደለም። ከ60 ሴንቲ ሜትር ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ሲቀየር ሳህኑ የሚሰበስበው ኃይል ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ይህም ለመካከለኛ ዝናብ በቂ ትርፍ ይሰጣል። ለከባድ ዶፍ ግን የቤት ዲሽ ምንም ቢሆን አይቋቋምም። ደግሞ ሳህኑ በሰፋ ቁጥር የሚያየው ሰማይ ይጠባል፤ 90 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ዲግሪ ቢዛነፍ የሚደርሰው ኃይል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ነፋስ የሚያወዛውዘው ትልቅ ዲሽ በደንብ ከታሰረ ትንሽ ዲሽ የባሰ ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮ ላይ በብሎን ብቻ የታሰረ ዲሽ ቆርቆሮው በሙቀት ሲለጠጥና በነፋስ ሲርገበገብ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ግድግዳ ላይ ወይም በሲሚንቶ በተተከለ ብረት ላይ መትከል ይሻላል።

ለገንደ ቆሬው ወንድማችን፦ ሙቀት ሞገዱን አየር ላይ አያዳክመውም። መሣሪያውን ግን ይነካል። ኤል ኤን ቢው ሲግል ድግግሞሹ በጥቂቱ ይንሸራተታል፤ አሮጌ ከሆነ ሪሲቨሩ ሊከተለው የማይችልበት ደረጃ ይደርሳል። ከዚህ ይልቅ ግን መጀመሪያ ሪሲቨርዎን ይመልከቱ። ቡፌ ውስጥ ተዘግቶበት ወይም ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ሪሲቨር በድሬዳዋ ግንቦት ውስጡ ይግልና ምስሉን ያቆመዋል። እጅዎን ላዩ ላይ ያሳርፉ፤ ካቃጠለዎት መልሱ እርሱ ነው። ዳንቴሉን አንሥተው አየር የሚያገኝበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ወጪ አያስፈልግም።


የአቦከር ሰው፣ ሐረር፦

ስለ ሙቀትና ስለ ሞገድ ከተነሣ አንድ የቆየ ትዝታ ልጨምርና መምህር ያስረዱን። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ልጅ ነበርኩ፤ ቴሌቪዥን ቤታችን የገባው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ዲሽ ሳይመጣ በፊት፣ ምስሉን የምንይዘው ረጅም ብረት ላይ በታሰረ አንቴና ነበር። ያኔ ዝናብ ምስሉን ሲያጠፋ አላስታውስም፤ ነፋስ አንቴናውን ሲያዞረው ነበር የምንቸገረው። አንድ ሌላ ነገር ግን አስታውሳለሁ። ድሬዳዋ እኅቴ ቤት በነበርኩበት ጊዜ፣ ቀኑ ሲያቃጥል ውሎ ሌሊቱ ነፋስ የሌለበት ጸጥ ያለ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ በባዶው መስመር ላይ የማናውቀው የአረብኛ ጣቢያ ብቅ ይል ነበር፤ ጠዋት ስንፈልገው የለም። ይህ ከምን የመጣ ነው?


የፊዚክስ መምህር፣ ከዚራ፦

ጋሼ፣ ሁለቱም ትዝታዎችዎ ትክክለኛ ምክንያት አላቸው። የድሮው የአንቴና ሥርጭት የሞገዱ ርዝመት በሜትር የሚለካ ነበር፤ ለእንደዚያ ዓይነት ረጅም ሞገድ የዝናብ ጠብታ ከቁብ የሚቆጠር አይደለም፤ ሳይሰማው አልፎ ይሄዳል።

የሌሊቱ እንግዳ ጣቢያ ደግሞ የመጣው ከአየሩ መገለባበጥ ነው። እንደ ወትሮው አየሩ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ጸጥ ባለ ሌሊት ግን መሬቱ ሙቀቱን አጥቶ አጠገቡ ያለውን አየር ሲያቀዘቅዘው የሞቀው አየር ከላይ ይቀራል። በባሕር ላይ ደግሞ ደረቅ የበረሃ አየር በእርጥቡ የባሕር አየር ላይ ሲነጠፍ ተመሳሳይ ነገር ይሆናል፤ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ይህ በጣም የታወቀ ነው። በሁለቱ ንብርብሮች መካከል የገባ ሞገድ ወደ ጠፈር በመውጣት ፈንታ ወደ ታች እየታጠፈ፣ በቦይ እንደሚሄድ ውኃ ከወትሮው እጅግ ርቆ ይጓዛል። ድሬዳዋ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ሜዳው የተከፈተላት ስለሆነች የእኅትዎ አንቴና እንዲህ ያለውን ሞገድ ለመያዝ የተመቸ ነበር። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ስታሞቀው ንብርብሩ ይፈርሳል፤ ጣቢያውም አብሮ ይጠፋል።


ነዋሪ ከሳቢያን፦

ከአሥር ቀን በኋላ የሆነውን ልጽፍላችሁ ተመልሻለሁ።

እሑድ ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰዓት፣ ፒንሳ ይዤ ጣራ ላይ ወጣሁ። አቀማመጡ የሐረሩ ባለሙያ እንደገለጹት ነው፤ የእኔ ኤል ኤን ቢ ቁልቁል ስለሚያይ ኮኔክተሩ ወደ ላይ ያዘነበለ ነው፤ ኬብሉም ከላይ ወደ እርሱ ይወርዳል። ኮኔክተሩን ፈትቼ ስስበው አንድ ጠብታ ውኃ አውራ ጣቴ ላይ ወረደ። ዝናብ ከዘነበ ሦስት ቀን አልፎት ነበር። የመዳቡ ጫፍ አረንጓዴ ሆኗል፤ የሽቦው መረብ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። ንጹሕ ሽቦ እስካገኝ ድረስ ሁለት ስንዝር ያህል ቆረጥኩ። የኤል ኤን ቢው ክዳን ላይም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሄደ ቀጭን ስንጥቅ አገኘሁ፤ ስለዚህ ኤል ኤን ቢውንም ቀየርኩት። ዲሹ ግን ያው ነው፤ አልቀየርኩትም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ከባድ ዝናብ ዘንቧል፤ ሁለቱንም ጊዜ በሰዓት ለካሁ። በመጀመሪያው የእኔ ምስል 7 ደቂቃ ጠፍቶ ዶፉ ሲቀንስ ራሱ ተመለሰ፤ የአከራዬ 19 ደቂቃ ጠፋ። በሁለተኛው የእኔ ተሰነጣጠቀ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም፤ የእርሳቸው 12 ደቂቃ ጠፋ። በሁለቱም ጊዜ የእርሳቸው ከእኔ ቀድሞ ነው የጠፋው።

ለአከራዬም የመምህርን ማብራሪያ እጄን ወደ ምዕራብ ዘርግቼ አስረዳኋቸው። ወዲያው ነው የገባቸው። አሁን ምስሉ ሲሰነጣጠቅ በሬን አያንኳኩም፤ ወደ በረንዳ ወጥተው ምዕራቡን ያዩና «ልብሱን አስገቡ፣ እየመጣ ነው» ይላሉ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሪሲቨሩ ላይ «ጥንካሬ» እና «ጥራት» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ፤ የትኛውን ልመን?


የዲሽ ባለሙያ፣ ሸዋ በር፣ ሐረር፦

እንኳን ደስ ያለዎት። የሚታመነው ጥራት የሚለው ነው። ጥንካሬ የሚለው ጫጫታውንም ጨምሮ ስለሚቆጥር ሳተላይቱ ጨርሶ ሳይኖር እንኳ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። በዝናብ ጊዜ ጥንካሬው ብዙም ሳይቀንስ ጥራቱ ብቻ ከወደቀ ችግሩ ሰማዩ ላይ ነው፤ ይጠብቁ። ሁለቱም አብረው ወደ ዜሮ ከወረዱ ኬብሉን፣ ኮኔክተሩን ወይም ኤል ኤን ቢውን ይጠርጥሩ። ደረቅ ቀን ላይ የሚያዩትን የጥራት ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ሪሲቨሩ ሥር ያስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ ወርዶ ካገኙት ዲሹ ተንቀሳቅሷል ወይም ውኃው እንደገና ገብቷል ማለት ነው። አንድ ጣቢያ ብቻ ጠፍቶ ሌሎቹ ከሠሩ ደግሞ ምንም አይንኩ፤ ችግሩ ከጣቢያው ከራሱ ነው።


ከገንደ ቆሬ፦

ዳንቴሉን አነሣሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልቆመብኝም፤ እግዜር ይስጥልኝ። መምህር ግን አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ባለፈው ዓመት በመስቀል ሰሞን፣ ዳመና የሚባል ነገር በሌለበት፣ ረፋዱ ላይ ኢትዮሳት ለጥቂት ደቂቃዎች ጠፍቶ ተመለሰ፤ በማግስቱም በዚያው ሰዓት ጠፋ። ውኃ አይደለም፣ ሙቀትም አይደለም። ምንድን ነው?


የፊዚክስ መምህር፣ ከዚራ፦

እርሱ ፀሐይ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለእኛ ለድሬዳዋና ለሐረር በመስቀል አካባቢና በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ፣ ፀሐይ በሰማይ ላይ ስትጓዝ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ፀሐይ ብርቱ የሬዲዮ ጫጫታ ስለምትልክ ዲሹ በእነዚያ ደቂቃዎች ሳተላይቱን ለይቶ መስማት አይችልም። ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይሆንና ያልፋል። ለኢትዮሳት ሰዓቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ለናይልሳት ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ። መሣሪያውን ስለማይጎዳ ምንም ማስተካከል አያስፈልግም። ዘንድሮ በመስቀል ሰሞን በዚያ ሰዓት ወጥተው ዲሹን ቢመለከቱት፣ ሳህኑ የሚያብረቀርቅ ዓይነት ከሆነ፣ ከላዩ የሚንጸባረቀው የፀሐይ ብርሃን ተሰብስቦ ኤል ኤን ቢው አፍ ላይ ሲያርፍ ያዩታል። ብርሃኑ ከአፉ ወደ ጎን ካረፈ ደግሞ ዲሹ በዚያው መጠን ዞሯል ማለት ነው።